ለሞተረኞች ድግስ ዝፈኚ ብለውኛል… ልሂድ ወይስ ልቅር?

በዚህ አምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ኩርፊያ፣ ስለ አማትና ምራት ብዙ ተጨዋውተናል። የዛሬዋ ደብዳቤ ግን ከወትሮው ለየት ትላለች። ጸሐፊዋ የ21 ዓመት ወጣት ናት። ስሟን ደብቄ ፍሬ ነገሩን እነሆ።

«ወንድሜ፣ የምኖረው እንጭኒ ነው። ከአንድ ኦርጋን ተጫዋች ጋር በየሰርጉና በየልደቱ እዘፍናለሁ። ሰሞኑን የከተማችን ሞተረኞች የማህበራቸውን ድግስ ሊደግሱ ስለሆነ ኑና አጫውቱን ብለውናል። ወደ ስልሳ የሚጠጉ ልጆች ናቸው። ክፍያው ከሰርግ ይሻላል። እናቴ ግን ‹ሬሳዬን ተራምደሽ ሂጂ› ብላኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ (ኦርጋን ተጫዋቹን ማለቴ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ!) ከቀረሽ ሌላ ዘፋኝ እፈልጋለሁ እያለ ነው። ሰዉ ሁሉ ሞተረኛ ዱርዬ ነው ይላል። ልሂድ ወይስ ልቅር? ብሄድስ ምን ልልበስ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ትክክለኛው ሰው እጅ ነው የገባችው። በሳምንት አንድ ጽሑፍ የቤት ኪራይ እንደማይከፍል አንቺም ሳትገምቺ አትቀሪም። እኔም ቅዳሜና እሁድ ኦርጋኔን ተሸክሜ ሆለታ፣ ጊንጪ፣ አምቦ እላለሁ፤ እንጭኒም ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ። ለሞተረኞች ተጫውቻለሁ። ስለዚህ ከመጽሐፍ አላወራሽም።

መጀመሪያ «ዱርዬ» የምትለዋን ነገር እናንሳ። ፊልም ላይ የምናያቸው የሞተር ክለቦች ጥቁር ቆዳ ጃኬት፣ እስከ ደረት የወረደ ጢም፣ በሬ የሚያክል ሃርሊ ዴቪድሰን ናቸው። የኛዎቹስ? ሞተራቸው ባለ 100 ወይም ባለ 150 ሲሲ ቦክሰር፣ ጃኬታቸው ከሰልቫጅ የተገዛ፣ ግማሾቹ የሞተሩን ዕዳ ገና ከፍለው ያልጨረሱ። እንጭኒ የአዳአ በርጋ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከሆለታ ወደ ሙገር የሲሚንቶ መኪና ሲግተለተል የሚውልባት መንገድ ላይ። ዋናው መንገድ ይሁን፣ ወደ ገጠር ቀበሌው ገባ ሲባል ግን ሚኒባስ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ ምጥ የያዛትን ሴት ማን ያድርሳት? ወተቱን ሳይበላሽ ማን ያውጣው? ከገበያ የዋለችውን እናት ከነጨውና ከነጋዟ ማን ቤቷ ያስገባት? እነዚሁ «ዱርዬዎች» ናቸው። ክረምት ላይ ጭቃው እስከ ጉልበት ሲደርስ ሞተሩን እየገፉ ሲያሻግሩ ያየ ሰው ስድቡን ቀስ ይላል።

ለነገሩ ስሙ የከፋው በከንቱ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በሞተር ተፈናጠው ቦርሳና ሞባይል የሚመነትፉ ስለበዙ የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ከልክሎ፣ ፈቃድ ላላቸው ብቻ እየለየ መንገዱን ከፍቶላቸዋል። የዚያን ጊዜ ወሬ እስከ እናትሽ ጆሮ ደርሶ ቢሆን አይገርምም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ሌባ የእንጭኒን ወተት አመላላሽ መፍረድ ጅብ በበላው በሬ ውሻ እንደመቅጣት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። «መፈናጠጥ» የምትለዋን ቃል አስተውላችኋል? ከሞተር በፊት የፈረስና የበቅሎ ቃል ነበረች። ምዕራብ ሸዋ የፈረስ አገር ነው። ሙሽራ በፈረስ ይታጀባል፣ ለቀብርም ፈረሰኛ ይወጣል። ዛሬ በየሰርጉ ከሙሽራው መኪና ፊት ሞተሩን በአንድ ጎማ የሚያስኬደው ጎረምሳ አያቱ ሜዳ ላይ ፈረስ ሲጋልብ የነበረው ሰውዬ ነው፤ ከብቱ ተለወጠ እንጂ ሰውየው ያው ነው። ፈረሰኞች ደግሞ ማህበር አላቸው። አዊ ሄዳችሁ ብታዩ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱን ሸልሞ ይወጣል። ማህበር ሲኖር አለቃ አለ፣ አለቃ ሲኖር ቅጣት አለ። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «ሞተረኞች ናቸው ወይ?» ሳይሆን «አለቃቸው ማነው?» ይሁን። ማህበር አለን ብለው ሊቀመንበሩን ሊያሳዩሽ ካልቻሉ ማህበር የላቸውም፤ ጥማት ነው ያላቸው።

አሁን ወደ ሙዚቃው እንግባ። የሰርግ እንግዳ ሲደሰት ያጨበጭባል፣ እልል ይላል። ሞተረኛ ግን ጋዝ ነው የሚሰጠው! ዘፈኑ ደስ ባለው ቁጥር ሄዶ ሞተሩን ያስነሳና ቡምምም… ቡምምም ያደርገዋል። ማርሚታውን ፈትቶ ወይም በስቶ የመጣ ደግሞ አይጠፋም። ስልሳ ሞተር ባንዴ ሲጮህ ኦርጋን ቀርቶ የመድፍ ድምፅ አይሰማም። መጀመሪያ የገጠመኝ ጊዜ ዘፋኙ ግራ ተጋብቶ ማይኩን እየመታ «ሃሎ ሃሎ» ሲል ትዝ ይለኛል። የተቆጡን መስሎት ነበር! ምስጋና መሆኑን የነገረን አንድ አስተናጋጅ ነው።

በአሜሪካም ያው ነው አሉ። ሳውዝ ዳኮታ በምትባለው ግዛት ስተርጂስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ከ1938 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ከአገሩ ሁሉ ሞተረኛ ይሰበሰባል። ስማቸው የገነነ የሮክ ባንዶች መጥተው ይጫወቱላቸዋል፤ ታዳሚው ከነሞተሩ መድረኩ ፊት ይቆምና በጭብጨባ ፈንታ ሞተር ያስጮሃል። የስተርጂስና የእንጭኒ ልጆች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ጭብጨባ ማጨብጨባቸው አይገርምም?

ታዲያ ዘዴው ምንድነው? ጩኸቱን አትከልክይ፣ ምሪው። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። ገና ስንጀምር ዘፋኙ «ማይኩን ወደ ላይ ሳነሳ አስጩሁ፣ ወደ ታች ሳወርድ ጸጥ» ብሎ ይነግራቸዋል። ሁለቴ ያለማምዳቸዋል። እንደ ጨዋታ ይወዱታል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ የባንዱ አባል ሆነ ማለት ነው፤ ግጥሙን ስትይ ዝም ይላል፣ አዝማቹ ላይ ይገባል። ያላጠፋውን ደግሞ ጓደኞቹ ራሳቸው «አንተ ጸጥ በል!» ይሉታል፤ አንቺ አፍሽን አታበላሺም።

የዘፈኑ ተራ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። እንጭኒ ላይ ኦሮምኛ ሳታውቂ መድረክ መውጣት እንደማይሆን ለአንቺ አልነግርሽም፤ ለአዲስ አበባ ልጆች ነው የምናገረው። በረገዳ ጀምሩ። ሰዉ ትከሻውን ያፍታታ፣ ላብ ያውጣ፣ በባዶ ሆዱ ወደ ጠርሙስ እንዳይሮጥ። መሃል ላይ ችክችካውንም ዘመናዊውንም ቀላቅሉ። ያገር ልጅ የሆነው የሃጫሉ ሁንዴሳ ዘፈን ሲጠየቅ ግን አስቡበት። ሃጫሉ አምቦ ተወልዶ ያደገ፣ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የተገደለ ልጅ ነው። በዚህ አካባቢ የሱ ዘፈን ሲነሳ ጭፈራም ለቅሶም ባንዴ ይመጣል፤ በሞቀ ቤት መሃል ሌሊት ላይ ከመጣ ዳሱ ሌላ ዳስ ይሆናል። እኛ በጊዜ፣ ሰዉ ሳይሰክር፣ በክብር እንጫወተውና እናልፋለን። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀዝቀዝ፣ ትዝታ ቅኝት፣ ቀስ ያለ። ይሄን የምለው ለጥበብ ብዬ አይደለም። የመጨረሻውን ዘፈን በፈጣን ምት ዘግታችሁ የለቀቃችሁት ልጅ ያንኑ ምት ይዞ ነው ሞተሩ ላይ የሚወጣው።

ሁለት የጤና ነገር። አንደኛ፣ ዳስ ውስጥ ወይም አዳራሽ ውስጥ ሞተር እንዳይነሳ ቃል አስገቢያቸው። ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ ራስ ያዞራል፣ ሲበዛ ይገድላል። ዘፋኝ ደግሞ ከሁሉም በላይ ትንፋሽ የምትስብ ሰው ናት። ሞተሮቹ ውጭ ይደርደሩ፣ ማርሚታቸው ወደ መድረኩ እንዳይዞር። ሁለተኛ፣ ጆሮሽ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተመራማሪዎች ባወጡት ልክ ሰው 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ 8 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስሌቱን ቁጠሪው፤ 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርሺ የተፈቀደልሽ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሞንታርቦው ከጀርባ፣ ሞተሩ ከፊት ሆኖ አራት ሰዓት! በማግስቱ ጆሮሽ ውስጥ ፉጨት ከሰማሽ ጆሮሽ አቤት እያለሽ ነው። የጆሮ መድፈኛ ከፋርማሲ ይገኛል፤ ካጣሽ በየአርባ ደቂቃው ወጣ ብለሽ ዕረፍት ውሰጂ። ዕረፍቱን ከውሉ ጋር አብራችሁ ንገሯቸው።

ወደ እናትሽ ልምጣ። እናት የምትፈራው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ስም ነው። «ልጄ አዝማሪ ሆነች» መባልን። አስናቀች ወርቁን የመሰለች ክራር ደርዳሪና ተዋናይት በዘመኗ ስንት ተብላለች! እሱ አሮጌ ወሬ ነው፤ አዝማሪ ሆንሽም ድምፃዊት፣ ላብሽን ሸጠሽ እስከበላሽ ድረስ የሚያሳፍር ነገር አይታየኝም። ሁለተኛው ፍርሃት ግን እውነተኛ ፍርሃት ነው። ብቻዋን የሆነች ወጣት፣ ስልሳ ወንድ፣ አረቄ፣ ሌሊት። ይሄን እናትሽ ስለፈሩት አሮጊት ናቸው አይባልም።

በዚህ ነገር ዓለም ከተማረባቸው ታሪኮች አንዱን ላጫውታችሁ። በፈረንጆች 1969 ታኅሣሥ 6 ቀን ካሊፎርኒያ ውስጥ አልታሞንት በተባለ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ የነጻ ኮንሰርት አዘጋጀ። ወደ 300 ሺህ ሰው ተሰበሰበ። ቦታው የተቀየረው ሁለት ቀን ብቻ ሲቀረው ነው። መድረኩ የተሠራው ለሌላ ሜዳ ስለነበር አንድ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ እሱም ቁልቁለቱ ግርጌ ላይ ተተከለ። ሰዉ ከላይ ወደ ታች እየገፋ መድረኩ ላይ መጣ። መድረኩን ከበው እንዲጠብቁ የተደረጉት እነማን መሰሏችሁ? ሄልስ ኤንጀልስ የሚባሉት የሞተር ክለብ አባላት! ደመወዛቸውም 500 ዶላር የሚያወጣ ቢራ ነበር ይባላል። ሞተሮቻቸውን መድረኩ ሥር አቆሙ። ሰዉ ተገፍቶ ሞተር ሲነካባቸው በቢሊያርድ ዱላ መማታት ጀመሩ። ጀፈርሰን ኤርፕሌን ከተባለው ባንድ አንዱ ዘፋኝ ገላግላለሁ ብሎ ወርዶ በቡጢ ራሱን ሳተ። ግሬትፉል ዴድ የተባለው ባንድ ይሄን ሰምቶ ሳይጫወት ተመልሶ ሄደ። ሲመሽ ሮሊንግ ስቶንስ እየተጫወቱ ሳለ መሬዲት ሃንተር የተባለ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት ሽጉጥ አውጥቶ ታየ፤ ከክለቡ አባላት አንዱ በጩቤ ወግቶ ገደለው። ገዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ራሱን ሲከላከል ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀ። በዚያው ቀን ሌሎች ሦስት ሰዎችም በአደጋ ሞተዋል። ነገሩ ሁሉ በፊልም ተቀርጾ በዓመቱ ታይቷል።

ይሄን ያነሳሁት እንጭኒ አልታሞንት ናት ለማለት አይደለም። ስልሳ ልጅ የት፣ 300 ሺህ ሰው የት! ግን ልብ በሉ፤ ዝቅ ያለ መድረክ፣ መድረክ ሥር የቆመ ሞተር፣ በቢራ የሚከፈል ጠባቂ። ሦስቱንም በየከተማው አይቻለሁ። ስለዚህ እህቴ፣ መድረክ ከሌለ የቢራ ሳጥን ደርድረው ጣውላ ያንጥፉላችሁ፣ ከፍ በሉ። ከመድረኩ ኋላ መውጫ ይኑር። ከናንተ እስከ ታዳሚው ሁለት ሦስት እርምጃ ባዶ ቦታ ይቀመጥ። ጠባቂ የሚሆነው ሰው የማይጠጣ ይሁን፤ በዕድሜ ጠና ያለ የማህበሩ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ወንድምሽ ወይም የአክስትሽ ልጅ አብሮሽ ይሂድ፤ ገመድ ያንሳ፣ ሞንታርቦ ይሸከም፣ ሥራ ያለው ሰው ሆኖ ይቁም።

ሽልማት ላይ እንነጋገር፤ መቼም ግንባር ላይ ብር መለጠፍ አይቀርም። ሞተረኛ ገንዘብ ከያዘ እጁ አይሰስትም፤ ቀኑን ሙሉ በዝርዝር ሲሰበስብ የዋለውን ባንድ ዘፈን ይጨርሳል። ደስ ይላል። ግን ብር ለጣፊው እጁን ግንባር ላይ ጀምሮ አንገት ላይ የሚጨርስ ከሆነ ያኔ ሽልማት አይደለም። እኛ ዘንድ ያለችው ድምፃዊት ጥሩ ዘዴ አላት፤ ከፊቷ በጨርቅ ያጌጠች ሰፌድ ታስቀምጣለች። «ወንድሞቼ፣ ለኔ ያላችሁን እዚህ» ትላለች፣ ሳቅ ብላ። አንዱ አሻፈረኝ ካለ ኦርጋኑ ይቆማል። ሙዚቃ ሲቆም ስልሳ ሰው ማንን እንደሚያይ አስቢው! ሰፌዱ ላይ የወደቀውን ከኦርጋን ተጫዋችሽ ጋር እንዴት እንደምትካፈሉ ግን ከድግሱ በፊት ተነጋገሩ። በኋላ የሚነሳው ጠብ ከሞተረኛ ጠብ ይብሳል።

ቀብድ ሳትቀበሉ ደግሞ ኦርጋን ከቤት አይወጣም። ግማሹን በቀብድ፣ የቀረውን ከእኩለ ሌሊት በፊት፣ ሊቀመንበሩ አእምሮው ሳይናወጥ። የመብራት ነገርም አለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚዋዥቅ ኃይል ስንት ኦርጋን ተቃጥሏል። ጄኔሬተርና እስታብላይዘር የማን ድርሻ እንደሆነ በወረቀት ይጻፍ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ መመለሻው። ያንቺም የነሱም።

ከዓመታት በፊት ከነዚህ ከተሞች ባንዷ ተጫውተን ጨረስን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ዕቃ ስንጠቀልል ሁለት ልጆች መጥተው ጨበጡን። አንደኛው አመሻሹን ሁሉ ፊት ለፊት ሆኖ ሲጨፍር የነበረ፣ ፊቱ የማይረሳ ልጅ ነው። «በሚቀጥለው የኔ ሰርግ ላይ ነው የምትመጡት» አለን፣ ስልካችንንም መዘገበ። ሁለቱ በአንድ ሞተር ተፈናጠጡ። መብራት አልነበራትም፤ ወይ አላበሩትም። ሄልሜት የሚባል ነገርማ! ጠዋት ቁርስ ልንበላ ስንወጣ ከከተማው መውጫ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ውስጥ ከኋላ ገብተው መገኘታቸውን ሰማን። ያ ልጅ አልተረፈም። የተፈናጠጠው ልጅ ለወራት ሆስፒታል ተኛ። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ላይ «የኔ ሰርግ ላይ ትመጣላችሁ» ሲሉኝ ስልኬን እሰጣለሁ፣ ሞተሩንም ዞር ብዬ አያለሁ።

ሄልሜት እኮ ጌጥ አይደለም። ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ የሞተረኛን የመሞት ዕድል በ42 በመቶ፣ ጭንቅላት የመጎዳትን ዕድል በ69 በመቶ ይቀንሳል። ድግስ ቀን ግን ፀጉር ይበላሻል ተብሎ ቤት የሚቀረው እሱ ነው!

አንድ የሞተረኞች ማህበር ዘንድ ግን ያየሁት ሥርዓት ደስ ብሎኛል። በር ላይ አንድ ሽማግሌ ሌማት ይዘው ተቀምጠዋል። የሚገባ ሁሉ የሞተሩን ቁልፍ ሌማቱ ላይ ያኖራል፤ ቁልፉ ላይ ስሙ ተለጥፏል። ከመካከላቸው አምስት ልጆች የዚያን ቀን እንዳይጠጡ ዕጣ ወጥቶባቸዋል፤ ቤቱ ሩቅ የሆነውን የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ሌላው እዚያው ጋቢውን ለብሶ ያድራል፤ ጠዋት ሾርባ ጠጥቶ ቁልፉን ይቀበላል። ሽማግሌውን «አይጣሉዎትም ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የመጀመሪያው ዓመት ተጣሉኝ፤ ሁለተኛው ዓመት አመሰገኑኝ» አሉኝ። በዚያ ድግስ መጀመሪያ ላይ ብቻ ሞተር ጮኸ፣ ቁልፉ ሳይሰበሰብ። ከዚያ በኋላ ጭብጨባው በእጅ ሆነ፤ እኔም ኦርጋኔን በደንብ ሰማሁት።

ስለዚህ መልሴ ይኸው። ሂጂ፤ ግን ሊቀመንበሩን ራስሽ አነጋግሪ፣ እናትሽ ባሉበት ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። ቤት መጥቶ «እማማ፣ ልጅዎን እኔ ተረክቤ እኔ አስረክባለሁ» ለማለት የማያፍር ሊቀመንበር ከሆነ እናትሽም ሬሳቸውን ያነሱልሻል። የቁልፉን ነገር ንገሪው። እሺ ካለ ግማሽ ሥራሽ አለቀ። «እኛ ወንዶች ነን፣ ቁልፍ አንሰጥም» ካለ ግን ሥራው ይቅርብሽ፤ ኦርጋን ተጫዋቹም ሌላ ዘፋኝ ይፈልግ። ሰዓቱንም አጥብቂ። በአካባቢው ጸጥታ ምክንያት ማታ ሞተር እንዳይንቀሳቀስ የሚከለከልበት ጊዜ አለ፤ የዚያን ሰሞን ሁኔታ ከወረዳው ሳትጠይቁ ቀን አትቁረጡ። ማደሪያችሁ ከድግሱ በእግር የሚደረስ ይሁን። ማንም ቢለምንሽ፣ የዘመድ ልጅም ቢሆን፣ ጠጥቶ ሞተር የያዘ ሰው ኋላ አትፈናጠጪ።

ኧረ ልብሱን ረስቼ! ረጅም ቀሚስና የሚንጠለጠል ነጠላ መድረክ ላይ ያምራል፤ ሞተር ላይ ግን ሰንሰለትና ጎማ ውስጥ ይገባል። ቀሚስሽን በፌስታል ይዘሽ ሱሪ ለብሰሽ ሂጂ፣ እዚያ ቀይሪ። ከሞተር ስትወርጂ በግራ በኩል ውረጂ፤ ማርሚታው በቀኝ ነው፣ ባት ያቃጥላል። ይህቺ ጠባሳ እኔም ቀኝ ባቴ ላይ አለችኝ። ጋቢ ደግሞ አትርሺ፤ እንጭኒ ሌሊት ብርዷ አይጣል ነው።